ለሚስትህ ወሊድ ሴት ሐኪም ትፈልጋለህ፤ ለትዳርህ ግን ትሸሻታለህ!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚቆጣብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይቆጣ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይቆጣ።

እኔ በአንድ መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። ሸኻችን በማይመቻቸው ጊዜ አሰግዳለሁ፤ ከመግሪብ በኋላ ልጆች አቀራለሁ፤ የኒካሕ መዝገቡም እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ የሽማግሌውን ድርድር፣ የሙሽራውን ጭንቀት፣ የአባትየውን ትካዜ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ተቀመጡ። ልጅቷ ሕክምና ተመርቃ የመጀመሪያ ሥራዋን ከጀመረች ገና ወራት ናቸው። ልጁ ነጋዴ ነው፤ ሶላቱን የሚጠብቅ ጨዋ ልጅ ነው። መህሩ ተነገረ፣ ሁሉም ወደደው። ቀን ሊቆረጥ ሲል ከልጁ ወገን የመጡ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ "አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ኒካሑ ሲታሰር ሥራው ይቀራል። የኛ ቤት ሴት ሌሊት ውጭ አታድርም" አሉ።

የልጅቷ አባት ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ፣ "እናቷ እኮ በርበሬ ቸርችራ ነው ያስተማረቻት" ብቻ አሉ። ልጅቷ ተጠየቀች፤ "አልቀበልም" አለች። ነገሩ ፈረሰ። ሳምንት ሳይሞላ ሠፈሩ ውስጥ "ትምህርት ያጠገባት" ተባለች።

ወር ሳይሞላ እኚያው አባት ደወሉልኝ። የሌላው ልጃቸው ሚስት ወሯ ገብቷል። "ኡስታዝ፣ ሴት ሐኪም ያለችበት ሆስፒታል ታውቃለህ? ልጄ ሚስቱን ወንድ እንዲያያት አይፈልግም" አሉኝ።

ሱብሓነላህ!

የጠየቁኝን ነገርኳቸው፤ የታዘብኩትን ግን በሆዴ ያዝኩት። ዛሬ ላወጣው ነው። ያቺ ሌሊት ላይ ምራትህን የምታዋልደው ሴት ሐኪም የማን ልጅ ናት? የማንስ ሚስት ናት? አንተ ቤት ያልተፈቀደላት ሌላ ሰው ቤት ተፈቅዶላት እንድትጠብቅህ ነው የምትፈልገው?

ራሴን ትቼ ሰው አልወቅስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ ኢንተርን የሆነች ልጅ ሊያጭ ፈልጎ አማከረኝ። እኔም፣ "የሌሊት ሥራ ያላት ሴት ቤት አታቀናም፤ ሌላ ፈልግ" አልኩት። ሰማኝና ተወ። ያን ምክር ስሰጥ አንድ ኪታብ አልገለጥኩም፣ ሸኻችንንም አልጠየቅኩም። ከሠፈር የሰማሁትን ነው በዲን ስም ያቀበልኩት። አላህ ይማረኝ።

ከዚያ የኔ ሚስት ምጥ ያዛት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ሴት ሐኪም አለች?" ብዬ ነው። "አለች፤ ዲዩቲ ላይ ናት" አሉኝ። ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ፣ የሒጃቧን ጫፍ ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት መጣች። ልጁ በሰላም ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚስቴ ደም አልቆም አለ። ከአዋላጆቹ ጋር ሆና እስኪቆም ድረስ ከአጠገቧ አልራቀችም። ሱብሒ አዛን ሲል ሁለቱንም በሕይወት አገኘኋቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለዚያ ምክሬ ነው። እኔ ለጓደኛዬ ያልኩትን ሁሉም ኡስታዝ ለሁሉም ወጣት ቢለው፣ ሁሉም ወጣት ቢሰማ፣ በዚያች ሌሊት በዚያ በር ማን ይወጣልኝ ነበር?

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በዚያው ዳሰሳ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከ100ው 26 ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 48 ከፍ ብሏል፤ አሁንም ግን ከግማሽ በታች ነበር። እናቶች ከቤት የማይወጡበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መንገድ አለ፣ ገንዘብ አለ። በኛ ሠፈር ግን "ወንድ ያየኛል" ብላ ቤቷ ያማጠች እናት የማያውቅ ማነው? እንግዲህ ይህን ሐያእ የምናከብር ከሆነ ለሐያኡ የሚሆን ሐኪም ማፍራት የኛ ፈንታ ነው። ሐያኡን አክብረን ሐኪሟን ከቤት ካስቀመጥን ግን ያከበርነው ሐያእ አይደለም፤ እናቲቱን ለአደጋ ነው ያጋለጥናት።

ነጩ ጋውን ስር ያለው ሕይወት

ብዙዎቻችን "ዶክተር" ሲባል የሚታየን መኪናና ቪላ ነው። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

የሕክምና ተማሪ ሌላው ተመርቆ ሥራ ይዞ፣ ወልዶ ሲስም እሱ ገና ተማሪ ነው። የመጨረሻው ዓመት ኢንተርንሺፕ ይባላል። በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማኅፀንና ጽንስ ክፍሎች እየተዘዋወሩ ይሠራሉ። ቀን የገባች ልጅ ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ በማግስቱም ሥራ ላይ ልትውል ትችላለች። ከምረቃ በኋላ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከዚያ ሥራ ፍለጋው ይመጣል፤ ሥራው የሚገኘው ከቤተሰብ ርቆ ሊሆን ይችላል። ደመወዙስ? የጤና ባለሙያዎች የኑሮ ጥያቄ በ2017 ዓ.ል ግንቦት ላይ አገር ሁሉ እስኪሰማው ድረስ አደባባይ የወጣ ነው። ስፔሻሊስት መሆን ለፈለገ ደግሞ እንደ ዘርፉ 3፣ 4 ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚደራረበው መቼ ነው? ልክ ሽማግሌ በር በሚያንኳኳበት፣ ቤት በሚከራይበት፣ ሠርግ በሚታሰብበት ዕድሜ ላይ ነው። ወንዱም ሴቷም ይከብዳቸዋል። ለወንዱ ግን ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ "ሲደክመው ሻይ የምታፈላለት ሚስት ያስፈልገዋል" ይባላል። ለሴቷ "ወይ ሥራሽን ወይ ትዳርሽን ምረጪ" ይባላል። ለሁለቱም አንድ ድካም ነው፤ ፍርዱ ለምን ሁለት ሆነ?

"ሴት ልጅ ቤቷ ነው የሚያምርባት"

ይህን የሚሉ ወንድሞች የሱረቱል አሕዛብን 33ኛ አንቀጽ ይጠቅሳሉ፤ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች በቤቶቻቸው እንዲረጉ የታዘዙበትን ማለት ነው። ቁርኣኑ ሐቅ ነው፤ በላዩ ቃል የለንም። ጥያቄው ግን ይህን አንቀጽ ከኛ በፊት የሰሙት እንዴት ተረዱት የሚለው ነው።

ከሒጃብ አንቀጽ በኋላ እናታችን ሰውዳ (ረዲየሏሁ ዐንሃ) ለጉዳይዋ ወጥታ ሰው ተናገራት። ነገሩ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ ሴቶች ለጉዳያቸው መውጣት እንደተፈቀደላቸው ነው የገለጹት፤ ሐዲሡ ቡኻሪ ላይ አለ። የጃቢር አክስት ተፈታ ዒዳ ላይ ሳለች የተምር ዛፏን ልታጭድ ፈለገች። አንድ ሰው "እንዴት ትወጫለሽ?" ብሎ ከለከላት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ፈቀዱላት፤ ምናልባት ከዚያ ምርት ትሰድቂ ወይም በጎ ነገር ትሠሪበት ይሆናል የሚል መልእክትም ጨመሩላት። ይህ ሙስሊም ላይ ያለ ነው። ዒዳ ላይ ያለችን ሴት ለተምር ከፈቀዱ፣ የምታምጥ እናት ነፍስ ከተምር ያንሳል?

የሕክምናውንማ አታንሱት! ኡሙ ዐጢያ (ረዲየሏሁ ዐንሃ) ከነብዩ ጋር ሰባት ዘመቻ ወጥታለች፤ ምግብ ትሠራ፣ ቁስለኛ ታክም ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝም እንዲሁ። ሩፈይዳ አል አስለሚያን ደግሞ የሲራ ኪታቦች ያውቋታል። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ሲቆስል ወደሷ ድንኳን እንዲወሰድ ያዘዙት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ድንኳኑ የት ነበር? ሜዳ ላይ አይደለም፣ መስጂዳቸው ውስጥ! ዛሬ የሷን ሥራ የምትሠራ ልጅ መስጂዱ አጠገብ ለኒካሕ ስትቀርብ "ሥራሽን ተይ" የምንላት እኛ ማን ሆነን ነው?

ኢማሙል ገዛሊ በ505 ሒጅሪያ ከዚህ ዓለም የተለዩ ዓሊም ናቸው። "ኢሕያእ" ላይ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ይቆጥሩታል፤ የሚሠራው ከጠፋ አገሩ ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ነው። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ክርክር ፊቅህ ሲሻማ ሙስሊም ሐኪም የሌለባቸው ከተሞች መኖራቸውንም ይወቅሳሉ። ከ900 ዓመት በኋላ እኛ ልጆቹን አስተምረን ሐኪም ካደረግናቸው በኋላ በኒካሕ ማግስት እናስቆማቸዋለን። የቱ ይብሳል?

"ሌሊቱስ? ኸልዋውስ? ኢኽቲላጡስ?"

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ባዳ ወንድና ሴት ለብቻቸው መነጠላቸው ሐራም ነው፤ ሐኪም ስለሆነች አይፈቀድላትም። ሒጃቧም ሶላቷም ይጠየቁባታል። እህቴ፣ ይህን "ሥራ ነው" ብለሽ አታቅልዪው።

ነገር ግን ፉቀሃኦቹ የሚሉትን ተመልከቱ። ሴት ስትታመም በመጀመሪያ ሙስሊም ሴት ሐኪም ትፈለጋለች፤ ከጠፋች ሙስሊም ያልሆነች ሴት፤ ከጠፋች ሙስሊም ወንድ፤ ከዚያ ሌላው። አሁን እኔ ልጠይቅ፦ ይህ ቅደም ተከተል አንደኛው ላይ እንዲቆም ካሻን አንደኛዋን ከየት እናምጣት? ሴት ሐኪሞች በየኒካሑ እየወጡ ከቀሩ ሕዝበ ሙስሊሙ ሁልጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚኖረው። ኢኽቲላጥን የሚቀንሰው ሴት ሐኪምን መቀነስ አይደለም፤ ማብዛት ነው። ሁለት ሦስት ሴቶች አብረው ተረኛ የሚሆኑበት ክፍል አንድ ብቻዋን ከምትሆንበት ይሻላል።

ለዲኑ የምንቆረቆር ከሆነ የምንቆረቆርበት ቦታ አለ። ሆስፒታሉ ለሴት ተረኞች የተለየ ማረፊያ ክፍል አለው ወይ? በሩ ይቆለፋል ወይ? መስገጃስ? የሠፈር ሽማግሌዎች ሄደው ይህን ቢጠይቁ ማን ይከለክላቸዋል? ልጅቷን ቤት ማስቀመጥ ግን ቀላል ስለሆነ እሱን መረጥን።

ደግሞ ሐቁን እንናገር። ሌሊት የሚያድር የጥበቃ ሠራተኛ አለ፣ የረጅም መንገድ ሹፌር አለ፣ ለንግድ ሱዳን ድንበር ድረስ ሄዶ ወር የሚጠፋ ባል አለ። ሚስቱ ብቻዋን ታድራለች። "ይህ ቤት አይቀናም" ያለ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

"ወጡን ማን ይሠራዋል?"

በየድርድሩ ዲን ዲን እየተባለ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጥያቄ ይህ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየሏሁ ዐንሃ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበር፣ ሶላት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ነው የመለሰችው። ይህም ቡኻሪ ላይ ነው። ወንድሜ፣ ሱና ስትል ጺምህና ሱሪህ ላይ ብቻ አትቁም፤ ማዕድ ቤት ውስጥም ሱና አለ። ሚስትህ 24 ሰዓት ቆማ መጥታ አንተ ሽሮ ብታፈላ ወንድነትህ አይጎድልም።

ነጩን ጋውን ለብሩ የሚያገባስ?

የተቃራኒው ጥፋትም አለና ዝም ብዬ አላልፈውም። "ሐኪም ካገባሁ ኑሮ ይቀለኛል" ብሎ የሚሄድ አለ። ከኒካሑ በኋላ ኤቲኤም ካርዷን ይዞ ይዞራል። የቤት ኪራይ በሷ፣ የእቁቡ ጣይ እሷ፣ ለእህቱ ሠርግ ከፋይ እሷ። ማታ ደግሞ "ቤትሽን ረሳሽ" ይላታል!

ይህ ዲን አያውቀውም። ነፈቃው ያንተ ነው፤ ሚሊየነር ብትሆንም ያንተ ነው። የሷ ገንዘብ የሷ ነው። የኢብን መስዑድ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ባለቤት ዘይነብ ባሏ ድሃ ነበርና ገንዘቧን ለሱና በእጇ ላሉ የቲሞች ብታውል ምንዳ አላት ወይ ብላ አስጠየቀች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዝምድናም የሰደቃም ሁለት ምንዳ እንዳላት ገለጹ። አስተውሉ፤ ሰደቃ ነው የተባለው። ሰደቃ የሚባለው ግዴታህ ያልሆነውን ስትሰጥ ነው። ከሰጠችህ አመስግን፤ ካልሰጠችህ አትጠይቃት።

ትዳሩን ያዘገየው ሥራዋ ነው ወይስ ድግሱ?

አሁን ወደ ቤተሰቦች ልምጣ። "ሥራዋ አላገባ አላት" ይባላል። እኔ ከመዝገቡ አጠገብ ሆኜ የማየው ሌላ ነው። ኒካሑን የሚገፋው ድግሱ ነው።

"ዶክተር ናት እኮ፤ በዚህ ታንሳለች?" ይላሉ እናት። "ዶክተር ነው እኮ፤ ምን ይጎድለዋል?" ይላሉ የልጅቷ ወገኖች። "ዶክተር" የምትለው ቃል በተነሳች ቁጥር አዳራሹ ይሰፋል፣ ወርቁ ይከብዳል፣ መኪናው ይበዛል፣ ቬሎው ከአንድ ወደ ሁለት፣ ቪዲዮው ከአንድ ቀን ወደ ሦስት ቀን ያድጋል። ደመወዙ ግን አላደገም። ስለዚህ ኒካሑ ወደ ከርሞ ይተላለፋል፤ ከርሞ ደርሶ እንደገና ወደ ከርሞ። በመሃል ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ ያመሻሉ። ያን ፊትና ማን ይጠየቅበታል?

ልጅቷን ደግሞ አስቡ። ሌሊቱን የታመመ ሕፃን ላይ ቆማ አድራለች። ጠዋት ስልኳን ስትከፍት 17 ሚስድ ኮል። "የመጋረጃው ቀለም ምን ይሁን? ሜክአፕ ቀጠሮሽን ያዝሽ? የሚዜዎቹ ልብስ ተለካ?" ቤተሰብ የሠርግ ዕቅድ በላይዋ ጭኖ፣ "ሥራው አደከማት" ይላል። ያደከማት የቱ ነው?

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) ከመዲና ሀብታሞች ሆነ። ሲያገባ ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያወቁት ልብሱ ላይ የሽቶ ቀለም አይተው ጠይቀውት ነው። "ለምን አልጠራኸኝም?" አላሉትም። ባረኩለት፤ በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ አድርግ የሚል ትእዛዝ ሰጡት። የአላህ መልእክተኛ በአንድ ከተማ እያሉ ያልተጠሩበት ኒካሕ በረካ ነበረው! የኛ የሩቅ አክስት ካልተጠራች ግን ኒካሑ ይፈርሳል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሶፊያን ሲያገቡ ወሊማው ተምር፣ ቅቤና የደረቀ እርጎ ነበር፤ ዳቦና ሥጋ አልነበረበትም።

ወሊማ ሱና ነው፤ ደስታም ሐላል ነው፤ ዱፉም ይመታ። የተቃወምኩት ብድሩን ነው። የአንድ ቀን ድግስ የሦስት ዓመት ዕዳ ሆኖ ሲመጣ፣ ገና ሥራ የጀመሩ ሁለት ልጆች ትዳራቸውን የሚጀምሩት በጭቅጭቅ ነው። ብድሩ ሪባ ያለበት ከሆነማ ኢናሊላሂ!

እህቴ፣ ላንቺም የምለው አለ

ከላይ ያለውን አንብበሽ ደስ ብሎሽ ይሆናል። ቆይ፣ ተራሽ ነው።

አንደኛ፣ አትደብቂ። "ከተጋባን በኋላ ይለምደዋል" ብለሽ ስንት ሌሊት እንደምታድሪ ሳትነግሪው ወደ ኒካሕ አትግቢ። ይህ ማታለል ነው። የወሩን የተረኛ ፕሮግራም አሳዪው፤ የሚሸሽ ከሆነ አሁን ይሽሽ።

ሁለተኛ፣ "ስፔሻሊስት ከሆንኩ በኋላ" የሚለውን ደጋግመሽ አስቢበት። ማንም አያስገድድሽም፤ አስበሽበት ከሆነ ምርጫሽ ነው። ነገር ግን ዲኑንና ጠባዩን የወደድሽው ሰው ሥራሽን አክብሮ ከመጣ፣ ፍጹም የሚመች ጊዜ ትጠብቂ ብትዪ በሕክምና ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጊዜ አታገኚም። ከኢንተርንሺፑ በኋላ ፈተናው አለ፣ ከፈተናው በኋላ ሥራ ፍለጋው፣ ከሥራው በኋላ ሬዚደንሲው።

ሦስተኛ፣ ሥራሽን እንዲያከብርልሽ ጠይቀሽ ስታበቂ እሱን በወርቅ ብዛት አትመዝኚው። ነጋዴም ይሁን መምህር፣ ካንቺ ያነሰ ዲግሪ ያለውን አትናቂ። እሱም ሰው ነው፣ እሱም ልብ አለው።

ምን እናድርግ?

ሸኻችንን አማክሬ፣ በመስጂዳችን ለሚመጡ ጥንዶች የምነግራቸውን ላካፍላችሁ።

1. ሸርጡን ጻፉት። በኒካሕ ላይ የገባንበት ሸርጥ ከሸርጦች ሁሉ ሊፈጸም የተገባ እንደሆነ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ በተዘገበ ሐዲሥ ተገልጿል። ዑለማኦች በዝርዝሩ ይለያያሉ። የሐንበሊ መዝሀብ ለሴቷ የሚጠቅም ሸርጥን ሰፋ አድርጎ ያጸናል፣ ካልተፈጸመላትም ኒካሑን የማስፈረስ መብት ይሰጣታል፤ ሌሎቹ ጠበብ ያደርጉታል። ቃልን መጠበቅ ግን ሁሉም ዘንድ ዲን ነው። በመንግሥትም በኩል በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ስለ ንብረታቸውና ስለ ግል ግንኙነታቸው የጋብቻ ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። "ሥራዋን ትቀጥላለች፣ ትምህርቷንም ትቀጥላለች" የምትል አንዲት መስመር ስንት ፍቺ ታድናለች!

2. ቀኑን ከሷ ፕሮግራም ጋር ቁረጡ። ከፈተና ሳምንትና ከከባድ ተረኛነት አርቁት። ኒካሑ መስጂድ ውስጥ ከዐስር በኋላ፣ ወሊማው ቤት ውስጥ፤ አለቀ። ድግሱን ቤተሰብ ይያዘው፤ ሙሽሮቹን ለቀለምና ለመጋረጃ አትደውሉባቸው።

3. ቤት ስትከራዩ ለሆስፒታሉ ቅረቡ። ክፍሉ ቢጠብም መንገዱ ይጠር። ከተረኛነት ስትወጣ ባሏ ሄዶ ይቀበላት። "ሌሊት ውጭ" ብሎ ከመጮህ በሩ ላይ መጠበቅ ይበልጣል፤ ለቅናትም ለፍቅርም ይህ ይበቃል።

4. ስለ ልጅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባትም 3 ቀን አለው። ከ90ው ቀን በኋላ ሕፃኑን ማን ይይዛል? የሷ እናት ወይስ ያንተ? ይህን ከሠርጉ ኬክ በፊት ወስኑት።

5. የገንዘቡን ነገር አጥሩ። ነፈቃው በሱ ነው። እሷ ከረዳች ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ተነጋግራችሁ ያዙት። ዕዳን መጻፍ የበቀራ ረጅሙ አንቀጽ ትምህርት ነው፤ ባልና ሚስት መሆናችሁ አያስቀረውም።

በመጨረሻም

አባቶቻችን! ልጃችሁን በርበሬ ሸጣችሁ፣ በግ ሸጣችሁ፣ መሬት አከራይታችሁ አስተምራችኋል። በመጨረሻዋ ሰዓት በአንድ ሽማግሌ ቃል አትሽጧት። ወሊይ ማለት ጠበቃ ማለት ነው፤ ጠብቋት።

ወንድሜ! ሥራ የሌላት ሚስት መምረጥ መብትህ ነው፤ ቤቷን ይዛ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ክብሯ ከፍ ያለ ነው፣ እሷን ፈልግና አግባ። ሐኪሟን አጭተህ ሐኪምነቷን ልትነጥቃት ግን አትምጣ። ነጥቀሃትም ነገ በሌሊት የሌላ ሰው ሚስት እየፈለግህ በር አታንኳኳ።

እኔ ያን ጓደኛዬን አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ልጅቷን ግን አላውቃትም፤ ላገኛትም አልቻልኩም። ስለዚህ የምችለውን አደረግኩ። አሁን ኒካሕ ስመዘግብ ከመህሩ ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ጨምሬያለሁ፦ "ስለ ሥራዋ ተነጋግራችኋል?" ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይተያያሉ። እዚያው ተቀምጠው እስኪነጋገሩ እጠብቃቸዋለሁ፤ ብዕሬን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምታገባ እህትህ፣ ለታጨው ጓደኛህ፣ ለአባትህም አንብብላቸው። የተሳሳትኩት ካለ በማስረጃ አርሙኝ፤ ትክክል የሆነው ከአላህ ነው፣ ስሕተቱ ከራሴና ከሸይጧን ነው።

አላህ ሌሊቱን በታማሚ ራስጌ ለሚያሳልፉ እህትና ወንድሞቻችን ድካማቸውን ዒባዳ አድርጎ ይቀበላቸው። ላላገቡት ዓይን ማረፊያ የሚሆን ሷሊህ ትዳር ይወፍቃቸው። የሚያምጡ እናቶቻችንን በሰላም ይገላግልልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱሁ